አቶ ሙ.

«እህቴ ናት ትተይብልኝ የነበረችው» አለ ዶክተር ኦላና። «እጇ ፈጣን ነው። ሥራው ግን የኔ ነው፤ እሷን ምን ነበር የጻፍሽው ብትያት እንኳ የምታስታውሰው አይመስለኝም።» ከስልኩ ወዲያ ያለችው የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሳቀች፤ እሱም አብሯት ሳቀ። ስልኩን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ለቆት ስለነበር ጥያቄውም መልሱም ኩሽና ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሶሬቲ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አላቆመችም። የጀመረችውን ራስ ሽንኩርት ከትፋ ጨረሰች፣ ሁለተኛውን ላጠች፣ እሱንም ከተፈች። ከዚያ እጇን ታጥባ በፎጣ አደረቀችና ለምሳ የሚሆነውን ወጥ ሳትጥድ በጓሮው በር ወጣች።

ቤቱ ገርጂ ነው፤ ከኢምፔሪያል ሆቴል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ኮብልስቶን ከተነጠፈባቸው መንገዶች በአንዱ ላይ። ፊት ለፊት ባለ አንድ ፎቅ ቪላ፣ ከኋላው ደግሞ ሦስት ክፍል ሰርቪስ አለ። በቪላው ዶክተር ኦላና ከሚስቱ ከሰምሃል ጋር ይኖራል። ከሰርቪሶቹ በአንዱ እህቱ ሶሬቲ ትተኛለች፣ በመሃለኛው አባታቸው አቶ ደቻሳ ይኖራሉ፣ ሦስተኛው ዕቃ ቤት ነው። አቶ ደቻሳ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው ዝሏል እንጂ አእምሯቸው እንደ ጥንቱ ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው በኦሮምኛ የተጻፈ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያነባሉ። ወደ ቪላው ትልልቅ እንግዶች ሲመጡ ሰምሃል በጓሮ በኩል ብቅ ትልና ፈገግ ብላ «አባባ፣ እንዳይበርድዎት» ብላ በራቸውን ትዘጋለች። ሐምሌም ይሁን ሚያዝያ ትዘጋለች።

ሶሬቲ ዕቃ ቤቱን ከፍታ ገባች። ከአሮጌው ፍሪጅ ኋላ የስኳር ካርቶን አለ። በውስጡ ሰባት ወፋፍራም ደብተሮች አሉ፤ በላያቸው ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክቶች ደርቀዋል። እነዚህን ደብተሮች የሞላቻቸው እሷ ነበረች። ያኔ የሶሲዮሎጂ ማስተርሷን ትማር ነበር። ከሩዋንዳ ሰፈር ጀምሮ እስከ ገርጂ ጫፍ ድረስ ቤታቸው የፈረሰባቸውንና ሊፈርስባቸው የነበሩትን ስልሳ ሁለት ቤተሰቦች አንድ ዓመት ከመንፈቅ በእግሯ እየዞረች አነጋግራለች። መጻፍ ልትጀምር ስትል አባቷ ወደቁ። ቤተሰብና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ኦላና የወደፊት ሰው ነው፣ እሷ አንድ ዓመት ታቁም ተባለ። ኦላና በዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር ስለነበር ደብተሮቹን «እኔ ጋ ይቀመጡልሽ፣ እንዳይጠፉብሽ» ብሎ ወሰዳቸው። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያው ጥናታዊ ጽሑፍ በሱ ስም ወጣ፤ ረዳት ፕሮፌሰር የነበረው ሰውዬ በዚያ ጽሑፍ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነ። ምርጫ ሲመጣ «የተነሺዎች ጠበቃ» ተብሎ ፎቶው በየስልክ እንጨቱ ተለጠፈ፤ አሸንፎ የከተማው ምክር ቤት ገባ። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ መጽሐፉ ታተመ። ደብተሮቹን ግን ባለፈው ዓመት ቢሮ ሲቀይር በሹፌሩ እጅ መልሶላት ነበር። እሷ ትፈልጋቸዋለች ብሎ አልነበረም፤ አዲሱ ቢሮ መደርደሪያ ስላልነበረው ነው።

መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ አንብባው ነበር። ሌሊት ሌሊት በስልኳ ብርሃን አነበበችና «ጋሼ፣ ላነጋግርህ እፈልጋለሁ» አለችው። በመካከላቸው አሥራ ሁለት ዓመት አለ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ጋሼ ነው የምትለው። እሱም «በዚህ ሳምንት አልችልም፣ ሶሪዬ» አላት። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ዛሬ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት አትላስ አካባቢ ባለ ሆቴል አዳራሽ መጽሐፉ ይመረቃል። ከከተማው አስተዳደር ትልቅ ኃላፊ ይገኛሉ፤ ኦላና የአንድ ቢሮ ኃላፊ ሆኖ ሊሾም ነው የሚል ወሬ ከተሰማ ሰንብቷል። የፕሮፌሰርነት ማዕረጉም ኮሚቴ ፊት ቀርቧል። ሰምሃል ለአዳራሹ የምትለብሰውን ቀሚስ ከትናንት ወዲያ አስተኩሳለች፤ ያስተኮሰችው ለሶሬቲ ሰጥታ ነው።

የመጀመሪያውን ደብተር ብቻ ከካርቶኑ አወጣች፤ ከመኝታዋ ስር መጽሐፉን ጨመረችና በፌስታል ይዛ ወደ ኢምፔሪያል ወረደች። ቅዳሜ ስለሆነ ከቀለበት መንገዱ ስር ያለው ግርግር ከወትሮው ብሷል፤ ረዳቶች «መገናኛ፣ መገናኛ» ይላሉ፣ ሽንኩርት በጋሪ የሚሸጡ ሰዎች መንገዱን ለሁለት ከፍለውታል፣ ኪሎው ባለፈው ሳምንት ከነበረው በአሥራ አምስት ብር ጨምሯል። የናዲያ ፎቶ ኮፒ ቤት ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ስር ናት፤ ሁለት ማሽንና አንድ ወንበር ብቻ ትይዛለች። ናዲያና ሶሬቲ ዲግሪያቸውን አብረው ነው የተማሩት። ናዲያ ሥራ ስታጣ ማሽን ገዛች፤ ሶሬቲ አባቷን ልታስታምም ገባች።

ሶሬቲ ደብተሩን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ገለጠችው፤ መጽሐፉን ደግሞ መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ። «ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ በአንድ ወረቀት ላይ አንሺልኝ» አለች። «ስልሳ ቅጂ።»

ናዲያ ሁለቱንም አነበበች። መጀመሪያ የደብተሩን፣ ከዚያ የመጽሐፉን፣ ከዚያ እንደገና የደብተሩን። «ይሄ አቶ ሙ. የሚባሉት ሽማግሌ አይደሉም እንዴ? በቀደም ቲክቶክ ላይ አንዷ እያነበበች ስታለቅስ አየሁ። ያንቺ ናቸው?»

«የኔ ናቸው።»

«ማን ናቸው?»

ሶሬቲ ነገረቻት። ናዲያ እጇን ከማሽኑ ላይ አነሳች። «ወላሂ ሶሪ፣ ይህን ነገር ካደረግሽ በኋላ የት ታድሪያለሽ? ቤቱ የሱ ነው እኮ።»

«አልጋዬ ላይ ነዋ።»

«ሌላ መንገድ የለም? በሽማግሌ፣ በቤተ ክርስቲያናችሁ በኩል…»

«ሽማግሌዎቹ ናቸው አቁሚ ያሉኝ» አለች ሶሬቲ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ናዲያ ክዳኑን አንስታ ደብተሩን በግንባሩ አስተኛችው፤ ማሽኑ መብራቱን ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ጀመረ። ሶሬቲ ወረቀቶቹ ሞቅ እንዳሉ አንድ በአንድ ሲወጡ ስታይ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ቦታ ሲቀይር ተሰማት። ደስታ ነበር ማለት አይቻልም። ለረጅም ጊዜ ሲርባት ቆይቶ ምግብ የሸተታት ሰው ስሜት ነበር።

አቶ ሙ. የሚባል ሰው አልነበረም። ጥናቱን ስትጀምር አማካሪዋ «መጠይቁን ወደ ሰው ከመውሰድሽ በፊት ቅርብሽ ባለ ሰው ላይ ሞክሪው» ብለዋት ነበር። ቅርቧ የነበሩት አባቷ ናቸው። አቶ ደቻሳ ሩዋንዳ አካባቢ የነበራቸው ቤት ለመንገድ ሲፈርስ ይህ የገርጂው ቦታ በምትክ ተሰጥቷቸዋል። ቪላውን ኦላና ነው የሠራው፣ የይዞታ ካርታውም በሱ ስም ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶሬቲ ከፊታቸው ተቀምጣ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም በኦሮምኛ መለሱላት። እስከዚያች ቀን ማንም እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋቸው አያውቅም ነበርና አንዴ ከጀመሩ አላቆሙም። ሶሬቲ ቃላቸውን በአማርኛ እየመለሰች ጻፈችው። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ሹፌር የነበሩትን አናጢ አደረገቻቸው፤ በገጹ ራስ ላይ ደግሞ «ሙ. 1» ብላ ጻፈች። ሙከራ፣ አንድ ማለቷ ነው። ኦላና ደብተሩን ሲገለብጥ ሙ. የሰው ስም መስሎት «አቶ ሙ.» አላቸው። ከሰውዬው ጋር በአንድ በርጩማ ሦስት ቀን ተቀምጬ ተጫወትኩ ብሎ ጨመረበት። ማንም ፈልጎ እንዳያገኛቸው ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ በሁለተኛው ወር ገደላቸው፤ ቀብራቸው ላይ ቆሜ ነበር ብሎ ጻፈ። ሶሬቲን ግን ከዚህ ሁሉ የገረማት አንድ ነገር ነበር። ያንን ሁሉ ቃል በእጁ ሲገለብጥ የገዛ አባቱን አላወቃቸውም። ሊያውቃቸውም አይችልም፤ አንድ ቀን ጠይቋቸው አያውቅማ።

በስድስት ሰዓት ተኩል ኦላናና ሰምሃል በመኪናቸው ወጡ። ሰምሃል በኩሽናው በር አንገቷን አስገብታ «ወጡስ?» አለች። «ሽንኩርቱ ተከትፏል» አለቻት ሶሬቲ። ሰምሃል ጊዜ አልነበራትምና ሄደች። ሶሬቲ ወደ አባቷ ክፍል ገብታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና ቡናማውን ሙሉ ልብስ አወጣች። ልብሱ የኦላና የምረቃ ቀን የተገዛ ነው፤ አሁን ትከሻው ላይ ሰፍቷቸዋል። ዝላ የቀረችውን ግራ እጃቸውን መጀመሪያ ማስገባት ስለሚያስፈልግ ማልበሱ ጊዜ ይፈጃል። አቶ ደቻሳ አገጫቸውን ቀና አድርገው ክራቫት እስክታስርላቸው ጠበቁ።

«ልጁ ነው የጠራኝ?» አሏት።

«አዎ፣ አባባ።»

«ደረጃ አለው፣ ይደክምሃል ብሎኝ ነበር እኮ።»

«ሐሳቡን ቀየረ» አለች። እሳቸው ፊታቸው በራ፤ ምርኩዛቸውን በመሀረብ ወለወሉት። ሶሬቲ ያንን መወልወል አየችና አንድ አፍታ እጇ ክራቫቱ ላይ ቆመ። ከዚያ ቋጠሮውን አጠበቀችው።

ራይድ ጠራች። መኪናው በኢምፔሪያል አልፎ በሃያ አራት ሰፈር አድርጎ ሲሄድ አቶ ደቻሳ ከስድስት ዓመት ወዲህ የተሠሩትን ሕንፃዎች በመስኮት እያዩ የድሮውን ይነግሯታል፤ እዚህ ጋ ወፍጮ ነበር፣ እዚህ ጋ የጓደኛዬ የአቶ ማሞ ግቢ ነበር፣ እዚህ ጋ ጭቃ መኪናዬን ይዞኝ ሁለት ቀን ቆሜያለሁ። ሾፌሩ ወጣት ነው፣ ይስቃል። ሶሬቲ አልሰማችም። ፌስታሉን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛ፣ የምትጠይቃቸውን ጥያቄዎች በልቧ ታስተካክል ነበር። መሳደብ አልፈለገችም። ማልቀስ ደግሞ ፈጽሞ። የምታለቅስ ሴት ከሆነች «እህቴ ስሜታዊ ናት» ይላል፤ አዳራሹም ያምነዋል። ለሚመልሰው ሰው ቀላል የሚመስሉ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ብቻ ነበሯት።

አዳራሹ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት ነበረው። ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ በር ላይ መጽሐፉ በስምንት መቶ ብር ይሸጣል፤ የኦላና ፎቶ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ቆሟል። ሶሬቲ አባቷን ከኋላ ረድፍ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከፊት የከተማው ኃላፊ ተቀምጠዋል፤ ከሳቸው ቀጥሎ ፕሮፌሰር ተስፋጽዮን አሉ፤ ነጭ ጸጉራም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው፣ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴው ሰብሳቢ። ኦላና ለእግዚአብሔር ምስጋና አቅርቦ ንግግሩን ሲጀምር ዓይኑ ወደ ኋላ ረድፍ ሄዶ አባቱ ላይ አረፈ። ለቅጽበት ቆመ። ወዲያው ግን ፈገግ ብሎ «አባቴም ከመካከላችን ተገኝቷል፤ በደካማ ጉልበቱ» አለ። ሰው ዞሮ እያየ አጨበጨበ። ሶሬቲ አብራ አጨበጨበች።

ከዚያ አነበበ። የሚያነበውን ምዕራፍ ታውቀው ነበር፤ ሌላ ሊያነብ አይችልም፣ ሕዝቡ የመጣው ለዚያ ነው። መልካም ድምፅ አለው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የመዘምራን ድምፅ ነው።

«‹ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ስሠራ ኖሬያለሁ። የራሴን ሲያፈርሱት ግድ አልሰጠኝም፤ ምትክ ሰጡኝ። ልጄ የተማረ ነው። ቢሮ መመላለስ ይደክምሃል፣ በኔ ስም ይሁን አለኝ። ይሁን አልኩ። ፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ። ዛሬ በገዛ ቦታዬ ላይ እንግዳ ነኝ። ሰው ሲመጣ በሬን ይዘጉብኛል። የሚዘጉት እየሳቁልኝ ነው፤ ሳቃቸው ነው የሚከፋው።› አቶ ሙ. ይህን ሲሉ እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ወረደ።»

ኦላና ገጹን ገልጦ የራሱን ትንታኔ ቀጠለ፤ እንዲህ ያለው ልጅ የከተማችን የሞራል ውድቀት መስታወት ነው፣ የተማረ ቀማኛ ካልተማረው ይከፋል፣ እያለ ሁለት ገጽ አነበበ። ሶሬቲ አባቷን አላየቻቸውም። ማየት አላስፈለጋትም፤ ምርኩዛቸው ወለሉ ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር በጫማዋ በኩል ተሰማት። «ኩን ዱቢ ኮቲ» አሉ አቶ ደቻሳ በኦሮምኛ፤ ይሄ የኔ ቃል ነው ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ትንሽ ነበር፣ ከፊታቸው የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ዞሩ።

ጥያቄና አስተያየት ሲባል ሶሬቲ እጇን አወጣች። የመድረክ መሪው መጀመሪያ ለሌሎች ሰጠ፤ ሁለት ሰዎች አመስግነው ተቀመጡ። እጇን አላወረደችም። በመጨረሻ ማይኩ ደረሳት።

«ሶሬቲ ደቻሳ እባላለሁ» አለች። «የዶክተር ኦላና እህት ነኝ። ትተይብ የነበረችው።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ኦላናም ሳቀና «ጎበዝ ነበረች» አለ።

«ሦስት አጭር ጥያቄ አለኝ። አቶ ሙ. መቼ ነው ያረፉት?»

«የዛሬ አምስት ዓመት፣ ጥቅምት ላይ። መጽሐፉ ውስጥ አለ።»

«ቀብራቸው ላይ ነበርክ?»

«ነበርኩ» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለሟች የሚገባውን ያህል።

«ሙ. ምን ማለት ነው?»

«የስማቸው መጀመሪያ ነው። ከዚያ በላይ መናገር አልችልም፣ እህቴ። ለሰውዬው ቃል ገብቻለሁ። የጥናት ሥነ ምግባር የሚባል ነገር አለ።»

«ሙ. ሙከራ ማለት ነው» አለች ሶሬቲ። ከፌስታሉ ወረቀቶቹን አውጥታ ግማሹን በግራ፣ ግማሹን በቀኝ ለተቀመጡት ሰጠች። «እባካችሁ አንድ አንድ እየወሰዳችሁ አሳልፉ። በግራ በኩል ያለው በኔ እጅ የተጻፈ ነው፤ ቀኑ ራሱ ላይ አለ። በቀኝ ያለው መጽሐፉ ነው። መጠይቁን የሞከርኩበት የመጀመሪያው ሰው ናቸው፤ ለዚያ ነው ሙከራ አንድ ያልኩት። ሥራቸውንም አናጢ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እንዳይታወቁ ብዬ። ሹፌር ነበሩ። አልሞቱም፤ እዚሁ አሉ።»

አቶ ደቻሳ ለመነሳት ሞከሩ። ሶሬቲ ልትደግፋቸው እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን የፊተኛውን ወንበር መደገፊያ ይዘው ራሳቸው ቆሙ። ማይኩን አልፈለጉም። «እኔ ነኝ» አሉ በአማርኛ። «አልሞትኩም። ልጄ የተማረ ነው ብዬ ነበር። አሁንም የተማረ ነው።» ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ ተቀመጡ።

ሰው ያነባል፤ ከግራው ወደ ቀኙ፣ ከቀኙ ወደ ግራው። ኦላና ማይኩን አስጠግቶ «ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እህቴ በጣም…» ብሎ ጀመረና ቃሉን አጣው፤ ሶሬቲ አላለቀሰችማ፣ አልጮኸችም፣ ቆማ ታየው ነበር። ሰምሃል በመጀመሪያው ረድፍ ወረቀቱን ይዛ «እየሳቁልኝ ነው» የሚለው ላይ ሳትደርስ አልቀረችም፣ ፊቷ ከጆሮዋ ጀምሮ ቀላ። የከተማው ኃላፊ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ስልካቸው ሳይጠራ ጆሮአቸው ላይ አድርገው ወጡ። ጠባቂያቸው ተከተለ፤ ከጠባቂው ኋላ አምስት ስድስት ሰው ተነሳ። ያኔ ነው ኦላና ፊቱ የተለወጠው። አባቱ ሲቆሙ ፊቱ አልተለወጠም፤ የኃላፊው ወንበር ባዶ ሲሆን ግን ተለወጠ። ሶሬቲ ይህን አየች፤ አይታም በልቧ አስቀመጠችው።

ፕሮፌሰር ተስፋጽዮን በቀስታ ወደ ኋላ መጡ። መጀመሪያ ለአቶ ደቻሳ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። «ደብተሮቹ ሁሉም አሉ?» አሏት።

«ሰባቱም አሉ።»

«ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ይዘሽልኝ ነይ።»

«ትምህርቴን ሳቋርጥ ወረቀቱን የፈረሙልኝ እርስዎ ነዎት» አለች።

«አውቃለሁ» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ሲመለሱ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ይሳባል። አቶ ደቻሳ ስለ ሕንፃዎቹ አልተናገሩም። ሃያ አራት አካባቢ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ «ጠርቶኛል ነበር ያልሽኝ» አሉ።

«ዋሽቼዎት ነው።»

«ክራቫት አሰርሽልኝ።»

ሶሬቲ ባዶውን ፌስታል ጭኗ ላይ አጠፈችው። ቆይተው ደግሞ «አላለቀስኩም እኮ» አሉ። «ያን ቀን እሑድ። እንባው ወረደ ብለሽ ጽፈሻል። እኔ አላለቀስኩም።» ሶሬቲ አሰበች። እውነታቸውን ነው። ማታ ስትገለብጠው ያለ እንባ ደረቅ መስሏት ጨምራበት ነበር። ኦላና ካነበበው ሁሉ ሰው ልብ ውስጥ የገባችው ያቺ ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ቲክቶክ ላይ ያለቀሱትም ለሷ ነበር። «ጨምሬበት ነው» አለች። «ሰኞ ስትሄጂ እሱንም ንገሪያቸው» አሉ አቶ ደቻሳ። እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም። ለአንድ ቀን የሚበቃትን ያህል እውነት የተናገረች መሰላት።

ኦላና አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብቻውን መጣ። ሰምሃል እህቷ ዘንድ ወርዳለች። በቀጥታ በጓሮው ዞሮ ወደ አባቱ ክፍል ገባ፤ ኮቱን አላወለቀም። የሚቀመጥበት ነገር ፈለገ፤ ክፍሉ ውስጥ አቶ ደቻሳ ከተቀመጡበት ሌላ ወንበር አልነበረም፣ አልጋው ጫፍ ላይ ደግሞ ሶሬቲ ተቀምጣለች። ቆመ።

«ምን ጎደለብሽ?» አላት። «በልተሻል፣ ጠጥተሻል። ሆስፒታል ማን ነው የከፈለው? የሱን መድኃኒት በየወሩ ማን ነው የሚገዛው? አሥራ ስምንት ዓመት የሠራሁትን ሥራ በአምስት ደቂቃ አጠፋሽው።»

«አሥራ ስምንቱን አልነካሁም» አለች ሶሬቲ። «የኔን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ብቻ ነው የወሰድኩት።»

ኦላና ጣቶቹን ዓይኖቹ ላይ አድርጎ ቆየ። ሲናገር ድምፁ ተለውጦ፣ ምክር ቤት ውስጥ ሁለት ወገን ሲያስታርቅ የሚጠቀምበት ለስላሳ ድምፅ ሆኖ ነበር። «እሺ ስሚኝ። ሰኞ ፕሮፌሰሩ ጋ ስትሄጂ ‹ደብተሮቹን በፈቃዴ ነው የሰጠሁት፣ ተስማምተን ነው› በይ። በሁለተኛው እትም ስምሽን አስገባለሁ። እኔ ደግሞ ካርታውን በአባባ ስም አዞራለሁ። በዚያው ሰኞ። ቤቱ የሱ ይሁን፣ ኋላ ደግሞ…»

«አይሆንም» አለች፤ ዓረፍተ ነገሩን አላስጨረሰችውም።

«ቤቱን ነው ያልኩሽ እኮ።»

«ሰማሁህ፣ ኦላና። አይሆንም።» በስሙ ስትጠራው በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። ሁለቱም ሰሙት።

አቶ ደቻሳ ምርኩዛቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔን ጠየቃችሁኝ?» አሉ። «አንደኛው ሲያስፈርመኝ አልጠየቀኝም። ሁለተኛዋ አልብሳ ስትወስደኝ አልጠየቀችኝም። አሁን ደግሞ አንዱ በቤቴ ቃሏን ይገዛል፣ አንዷ በቤቴ ላይ እምቢ ትላለች።»

ሶሬቲ አንገቷን ደፋች። የደፋችው ስለተጸጸተች አልነበረም፤ ይህ ብቻ እውነት ስለነበረ ነው። «እንግዲህ ይናገሩ» አለች በመጨረሻ። «ምን ይሁን?»

«ቦታው የኔ ነው፤ በምንም አይለወጥም» አሉ አቶ ደቻሳ። «ደብተሩም የሷ ነው፤ እሱም በምንም አይለወጥም። ሰኞ መኪናህን ታወጣና ሁለታችንንም ትወስደናለህ። እሷን ፕሮፌሰሩ ጋ ታደርሳታለህ። ከዚያ እኔን መሬት ቢሮ።» ይህን የተናገሩት ድሮ ለረዳታቸው የጉዞ መንገድ በሚነግሩበት ድምፅ ነበር፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ልመናም አልነበረበትም። ኦላና አፉን ከፈተ፤ አባቱ ግን ቀድመው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው ማንበብ ጀምረው ነበር። የሚያነቡት ገጽ የትኛው እንደሆነ እንኳ አላዩም።

ኦላና ወጣ። ወደ ቪላው ግን አልገባም። የግቢው ብርሃን እየደበዘዘ ነበር፤ በቆመው መኪናው ዙሪያ እየተመላለሰ ለሹመቱ ተስፋ ለጣለባቸው ሰዎች ስልክ ይደውላል። ሶሬቲ ከክፍሉ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ሰው አነሳና አጭር ነገር ብሎ ዘጋበት፤ ኦላና «እሺ፣ እሺ፣ ሲመችዎት» ሲል ተሰማት። ሁለተኛው አላነሳም። ሦስተኛው ስልኩን ዘግቷል። ኦላና ቁጥሮቹን በአውራ ጣቱ እየገፋ ይፈልጋል፣ ይደውላል፣ ይጠብቃል፣ ከጆሮው ላይ አውርዶ ስክሪኑን ያያል። በመኪናው ዙሪያ ሲዞር ሁለት ጊዜ ፊት ለፊቷ አለፈ፤ እንዳላያት ሆኖ አለፈ። ብርዱ ከሲሚንቶው ወደ ላይ ይገባል፣ ነጠላም አልያዘችም። ከውስጥ አቶ ደቻሳ «ሶሬቲ፣ ግቢ፤ ብርድ ይመታሻል» አሏት።

«መጣሁ፣ አባባ» አለች። ወንድሟ ሰባተኛውን ቁጥር ሲደውል አገጯን በመዳፎቿ ላይ አሳርፋ፣ ይነሳ ይሆን አይነሳ ይሆን ትጠብቅ ጀመር።